የይፋት ማማ ከሳን ሆዜ ማዶ

ሳህሌ ወንበሩ ላይ ከተተከለ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የሚነሣው ለሽንት፣ ለእህልና ለጸሎት ብቻ ነው፤ ጸሎቱም ቢሆን እያጠረ መጥቷል። እጅጋየሁ ከወጥ ቤት ብቅ እያለች ታየዋለች። አርባ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች። ሲቆጣ ታውቀዋለች፣ ሲያኮርፍ ታውቀዋለች፣ ሲታመምም ታውቀዋለች። ይኼኛው ግን ከሦስቱ አንዱንም አይመስልም።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። በፈረንጅ ዘጠና ስድስት፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ባልና ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ውለው ኦክላንድ ወዳለው አፓርትመንታቸው ሲመለሱ የስልኩ ማሽን ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ሳህሌ ቁልፉን ተጫነ። የደምሴ ድምፅ ነበር። ደምሴ ከአደን ጓደኞቹ ሁሉ ታናሹ ነው፤ ሚልፒታስ ውስጥ የኮምፒዩተር ዕቃ በሚገጣጥም ፋብሪካ መጋዘን ይሠራል። አፉ ከእግሩ የሚፈጥን ልጅ ነው። ልጅ የምትለው እንኳ እጅጋየሁ ናት እንጂ አርባ ሞልቶታል።

«ጋሼ ሳህሌ፣ ደምሴ ነኝ። እንዴት ነዎት? እትዬስ ደኅና ናቸው? ስለ አደኑ ከልጆቹ ጋር ሚቲንግ አድርገን ነበር። ዘንድሮ ተራራውን ከኛ ጋር መውጣት ይቅርብዎት፣ ሁላችንም አግሪ አድርገናል፤ ጋሼ ሳህሌ ብላይንድ...»

ጢጥ አለና ቆመ። ካሴቱ ሞልቶ ነበር።

ሳህሌ እንግሊዝኛው ብዙ አይደለም። ይቺን ቃል ግን ያውቃታል። ዘጠኝ ዓመት በሠራበት የመኪና ማቆሚያ ደጃፍ ነጭ በትር እየመታ የሚያልፍ ሰው ነበር፤ አለቃው ሁልጊዜ «ብላይንድ ነው፣ ልቀቁለት» ይላል።

«ዕውር አሉኝ» አለ ሳህሌ። ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ይኼ ሰው ባሌ ተራራ ላይ ፈረንጅ ከኋላው አስከትሎ የደጋ አጋዘን ዱካ ሲያነብ የኖረ ነው። ጤዛ ላይ ያለፈችን ሚዳቋ ከየት መጥታ ወዴት እንደሄደች፣ ማርገዟን ጭምር ይናገር ነበር። አሜሪካ ከመጡ ወዲህም ከዓመት ዓመት የሚያወራው፣ ክረምቱን ሙሉ ጠመንጃውን የሚወለውለው ለዚያች ለነሐሴ አደን ነው። አደኑን ከወሰድክበት ሳህሌ ማለት ኮት የለበሰ ትራስ ነው።

እጅጋየሁ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። «ስሜን ሌላ ሰው ይጽፍልኛል፤ ስሜን የሚያስጠራው ግን ሥራዬ ነው» ትላለች። የስልክ ቁጥር አታውቅም፤ ቁጥር የተሞላባቸውን ቁልፎች ቦታ ግን ታውቃለች። ከላይ ሦስተኛው ደምሴ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ተዪው፣ አትደውዪ» እያለ ይዟት ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት እሑድ እሱ ወንበሩ ላይ እንዳንቀላፋ ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና ተጫነችው።

«አንተ ደምሴ! ያሳደገህ ሰው የለም?»

«እትዬ? ምን አደረግሁ?»

«ባሌን ዕውር ብለህ በማሽን ልከህ ምን አደረግሁ ትለኛለህ? ሰው ሲሰደብ እንኳ ፊት ለፊት ነው! ከማሽን ጋር ምን ብሎ ይጣላ?»

ደምሴን ሳቅ አነቀው። «እትዬ፣ ብላይንድ እኮ ቤት ነው!»

«ምን ቤት?»

«አዳኝ ተደብቆ የሚቀመጥበት። በእንጨት ከፍ ተደርጎ ይሠራል፣ መስኮት አለው። ጋሼን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ እኛ ተራራውን ስንወጣ እሳቸው እዚያ ቁጭ ብለው አጋዘኑን እንዲጠብቁ ነው። ጋሼ ሳህሌ ብላይንድ ላይ ይቀመጡ ነው ያልኩት! እኔ ደግሞ ኮል ባክ አላደርግ ሲሉኝ ተቀይመውኛል ብዬ...»

«የሚታይበትን ቤት ዕውር ይሉታል?»

«ይሉታል።»

«ይኼ ሕዝብ ነው ጨረቃ ላይ የወጣው?» አለች እጅጋየሁ። ቀጥላም፣ «ቆይ። በአራት ቋሚ፣ ከላይ ርብራብ ያለው፣ ጣሪያ ያለው?»

«እንደዚያ።»

«እና ማማ አትልም ነበር! ለአንዲት ማማ ሰው ታስቀይማለህ?»

ወጥታ ባሏን ቀሰቀሰችውና ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችው። ደስ ይለዋል፣ ተነሥቶ ይስቃል ብላ ነበር። አልሳቀም። በእጁ መዳፍ ጉልበቱን እያሻሸ፣ «ሌላ ነገር አላለሽም?» አላት።

«ምን ሊለኝ?»

«ምንም» አለ። «ጉልበቴን ደግሞ ማን ነገራቸው?»

«ጉልበትህ ራሱ ነዋ። ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል።»

«ማማ ላይ የሚጠበቀው ዝንጀሮ ነው። የሚቀመጥበትም ሴትና ሕፃን ነው። አዳኝ ይሄዳል።»

«አዳኝስ ይሄዳል» አለች እጅጋየሁ። «አንተ ነህ የተቀመጥከው።»

ካለችው በኋላ ቆጫት። ምላሷ እንዲህ ነው፤ ቀድሟት ወጥቶ እሷ ከኋላው ትደርሳለች። ሳህሌ ሻይ ሊቀዳ ተነሣ። ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰውና፣ «ይኼ ብርጭቆ ጠቧል» አለ። ብርጭቆው ከገዙት ስድስት ዓመቱ ነው።

ያን ቀን እጅጋየሁ ቆረጠች። እሱ ወደ ማማው ካልሄደ ማማው ቆሞ ይጠራዋል። የይፋት ልጅ ናት፤ ማሽላ ባፈራ ቁጥር ከአባቷ ጋር ማማ እየተከለች ነው ያደገችው። መሐንዲስ አላስፈለጋቸውም ነበር።

ቅዳሜ ደምሴ በፒካፑ መጥቶ ወሰዳት። በየዓመቱ የሚያድኑበት ቦታ ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ተራራው ውስጥ ነው፤ የደምሴ አለቃ አባት፣ ሲልቫ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ከብት ያረባበታል። በሐምሌ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ወርቅ መስሏል፤ አረንጓዴ የቀሩት የኦክ ዛፎቹ ብቻ ናቸው። ደምሴ ዕቃ ከተጫነበት የተረፈ የእንጨት ፓሌት ከፋብሪካው አስፈቅዶ፣ ወፋፍራም ቋሚ እንጨት፣ መዶሻና አንድ ባልዲ ምስማር ይዟል።

«ምስማሩን ወደ መኪናህ መልስ» አለችው።

«እትዬ፣ ያለ ምስማር በምን ይቆማል?»

«በልጥ።»

«ልጥ ከየት ይምጣ?»

እጅጋየሁ ከዘንቢሏ በስለት የተሰነጣጠቀ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ፣ አወጣች። ጎረቤት ካለው ጎማ ጠጋኝ ለምና ያመጣችው ነው። «ምስማር እንጨት ይሰነጥቃል፣ ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። ይኼ ግን ንፋስ ሲመጣ ዘንበል ይላል፣ ንፋሱ ሲያልፍ ይመለሳል። እንደ ብልህ ሰው። ቆፍር አሁን።»

ደምሴ ቆፈረ። ላቡ አፍንጫው ላይ እየተንጠባጠበ «በቃ?» ባለ ቁጥር እሷ በእግሯ ገብታ ትለካለች። «ከጉልበቴ በታች ነው፤ ጨምር።» ቋሚዎቹን አቆሙ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ጠቀጠቁ፣ አግዳሚውን አሠሩ፣ ፓሌቱን ርብራብ አደረጉት። መሰላሉ ላይ ሲደርሱ እጅጋየሁ እንቢ አለች። መሰላል ሳይሆን ሰፋፊ ደረጃ ይሁን፣ ከጎኑም መያዣ ይኑረው አለች።

«ለጋሼ ጉልበት ነው አይደል?» አላት ደምሴ።

«ጠመንጃ ማስደገፊያ ነው። ጉልበት የሚል ቃል ካፍህ ቢወጣ በዚህ መዶሻ ነው የምልህ።»

ሲልቫ ውሻውን አስከትሎ መጣ። ምን እንደሆነ ጠየቀ። ደምሴም በአማርኛ ስሙ «ማማ ነው» አለው። ሽማግሌው ማማውን አየ፣ እጅጋየሁን አየ፣ «ማማ?» እያለ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። «እሷም ማማ፣ እሱም ማማ» አለው ደምሴ በእንግሊዝኛ፤ ማስረዳት ሲሰለቸው። ሲልቫ ቋሚውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው። ንቅንቅ አላለም። ባርኔጣውን አውልቆ ለእጅጋየሁ እጅ ነሣ። እሷም እንደሚገባት ሰው አንገቷን ሰበር አድርጋ ተቀበለችው።

ማታ ራት ላይ ለሳህሌ ነገረችው። «ጨርሼዋለሁ። አጋዘኖቹ ከሚጠጡበት ምንጭ በላይ ካለው ራሰ በራ ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው የተከልኩት። አራቱም ማዕዘን ይታየኛል።»

ሳህሌ ጉርሻውን አፉ ጋ አድርሶ ቆመ። «የት?»

«ጫፉ ላይ።»

«ከምንጩ በላይ? ከምንጩ በምዕራብ?»

«ፀሐይ በምትገባበት በኩል።»

ሳህሌ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ደምሴ ሲመጣ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አሥሮ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ልየውና እመለሳለሁ» አለ።

ከፒካፑ ወርዶ እግሩን እየጎተተ ኮረብታው ግርጌ ደረሰ። ቀና ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ በወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንቺ ሴት! ይኼ አዳኝ የሚደበቅበት ነው ወይስ ጳጳስ የሚባርክበት?»

«ምን ሆነ?»

«ከምሥራቅም ይታያል፣ ከምዕራብም ይታያል! ንፋሱ ደግሞ ከኋላሽ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ምንጩ ላይ ይወርዳል። አጋዘኑ ገና ከቤቱ ሳይወጣ እጅጋየሁ መጥታለች ብሎ ቡና ያፈላልሻል!»

«ማማ እኮ እንዲታይ ነው የሚሠራው!» አለች በቁጣ። «ዝንጀሮው ሰው መኖሩን አውቆ፣ ሽታህን ሸትቶ፣ ገና ከሩቁ እንዲሸ...»

ቀሪው አፏ ውስጥ ቀረ። በዕድሜዋ ሙሉ ያቆመችው ማማ ሁሉ አውሬን ለማባረር ነበር። አሁንም ምርጥ አድርጋ የሠራችው የአጋዘን ማባረሪያ ነው። ደምሴ ወደ መሬት አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ፊቷ ጋለ። አንድ የሚለበልብ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ሳህሌን ስታየው ግን ኮቱን አውልቆ ሣሩ ላይ ጥሎታል። አቧራ ዘግኖ በጣቶቹ መካከል ቀስ እያለ ይለቃል፣ ንፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ይከተላል። ወገቡ ቀና ብሏል። አፏን ገጠመችው።

«ፍቱት!» አለ ሳህሌ። ድምፁ የባሌው ድምፅ ነበር።

ፈቱት። ከመነዳሪ ነውና አንድ እንጨት ሳይሰነጠቅ ተፈታ፤ እጅጋየሁ «ምስማር ቢሆን ኖሮ» ማለቷን ሦስት ጊዜ ሳትደግም አላለፈችም። ሳህሌ ከምንጩ ማዶ፣ ንፋሱ ወደ ሰው በሚመጣበት፣ ሁለት ኦክ ጎን ለጎን የቆሙበትን ጥላ መረጠ። የአጋዘኑን መንገድ ሲፈልግ ተንበረከከ፤ አፍንጫው አፈሩን እስኪነካ ጎንበስ አለና በጣቱ ጫፍ ኮቴውን ዳበሰው። «ትናንት ማታ ያለፈ ነው። ወንድ ነው፣ ከባድ ነው።»

«ወይ ጋሼ!» አለ ደምሴ ተገርሞ። «እንዲህ እያነበቡ እኛን ምን ሊያደርጉን!»

እጅጋየሁ አልተገረመችም። ባሏ ድሮ ዱካ የሚያነበው ቆሞ፣ እየሄደ፣ አንዳንዴም በቅሎ ላይ ሆኖ ነበር። መሬት ሲዳብስ አይታው አታውቅም። ልትጠይቀው አሰበች። እሱ ግን «አግዳሚው ከፍ ይበል! ደምሴ፣ ቅጠሉን ከዚህ በኩል አልብሰው!» እያለ ያዛል፤ ተወችው። ደረጃውን ሲያይ «ይኼን መያዣ ማን አሰበው?» አለ። እጁን ጣል አደረገበትና ወጣ።

አደኑ የተከፈተው ነሐሴ ውስጥ በቅዳሜ ነው። ጎሕ ሲቀድ ደምሴና ጓደኞቹ ተራራውን ያዙ። እጅጋየሁ ከሳህሌ ጋር ማማው ላይ ወጣች። ደምሴ «እትዬ፣ እርስዎ ላይሰንስ የለዎትም» ቢላት፣ «ለመቀመጥ ነው ላይሰንስ? ማማው የኔ ነው» አለችው።

በዚያ አገር ሕግ ሴቷ አጋዘን አትነካም። ወንዱም ቢሆን ቀንዱ ቢያንስ ለሁለት ካልተከፈለ አይገደልም፤ አንድ አንድ ቀጥ ያለ ቀንድ ያለው ይለፍ ነው። ይህን ሳህሌ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ነግሯታል። ዝም በዪ ደግሞ አሥር ጊዜ ነግሯታል። እጅጋየሁ ዝም አለች። ለእሷ ከመቆፈሩም ከማሠሩም የከበደው ይኼ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ስትናገር ኖራ፣ ባሏ ሲተነፍስ አፍንጫው ትንሽ እንደሚያፏጭ ያወቀችው በዚያ ጠዋት ነው።

ፀሐይ ሣሩን ስትነካ መጡ። መጀመሪያ ሁለት ሴት አጋዘኖች፣ ጆሯቸውን እያዞሩ። ቀጥሎ ወንዱ። አንገቱ ወፍራም ነው፣ ጀርባው ያብለጨልጫል። ምንጩ ዳር ሙሉ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ሳህሌ ጠመንጃውን አነሣ፣ ጉንጩን አስደገፈ፣ ትንፋሹን ዋጠ።

አልተኮሰም።

እጅጋየሁ ጠበቀች። አጋዘኑ ጠጣ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ ጠጣ። የሳህሌ ጣት ከቃታው ውጭ እንደተዘረጋ ነው።

«እጅጌ» አለ፤ ድምፁ ከትንፋሽ አይበልጥም።

«እ?»

«ቀንዱ... ስንት ቅርንጫፍ አለው?»

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባት። ሻዩ፣ ኮቴውን መዳበሱ፣ በማሽን ላይ ያችን አንዲት ቃል ሲሰማ ፊቱ የጠቆረው። ሰዎቹ ጉልበቱን ነበር ያወሩት፤ እሱ ግን የደበቀውን ያገኙበት መስሎት ነበር።

ወንዱን አየችው። ግርማ ያለው ነው። ዋሽታ ሁለት ነው ብትለው ይተኩሳል፤ ተኩሱን ሰምተው ሁሉም ይሮጣሉ፤ ሳህሌ ዛሬ ማታ እየፎከረ ይገባል። ያ ወንበር ባዶውን ይውላል። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ሲደርሱ ዓይን ይዘው ነው የሚደርሱት። የወደቀውን አይተው ወደ እሱ ያያሉ። ደግሞ ይኼ ሰው ከዓለም ሁሉ መርጦ እሷን ጠየቀ።

«አንድ አንድ ነው» አለችው። «ገና ጎረምሳ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የኔ ዓይን ደኅና ነው።»

አምልጧት ወጣ። ብትመልሰው በወደደች። ሳህሌ ግን ጠመንጃውን ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገ። «አዎ» አለ። «ያንቺ ደኅና ነው።» ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣና ኪሱ ከተተ። ድምፅ እንዳያሰሙ በመሐረብ ጠቅልሎ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ካቻምና። ጭጋግ ነው። ባሌ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚወርደው ዓይነት። መጀመሪያ የተራራው ጭጋግ መስሎኝ፣ እስኪገለጥ ስጠብቅ ነበር።»

«ለኔ አትነግረኝም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ።»

እውነቱን ነው።

«የዓይን ሞራ ነው» አለች ዓይኑን ቀርባ እያየች። «የጎረቤታችንን የጽጌን እናት ሐኪም አንሥቶላቸው፣ ይኸው መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ።»

«በስለት ነው ይላሉ።»

«በስለት ነው። ጎሽ ያልፈራህ ሰው ስለት ትፈራለህ?»

«ጎሹን አየው ነበራ።»

ይኼን ጊዜ እጅጋየሁ እጇን ሰዳ እጁን ያዘች። ሸካራ ነው፤ ከአግዳሚው እንጨት የገባ ስንጥር አለበት። በጥፍሯ ፈልጋ ነቀለችለት። «ሰኞ እንሄዳለን» አለችው።

«ሰኞ» አለ።

ከታች ምንጩ ዳር እንስሶቹ አልሸሹም። ንፋሱ ከእነሱ ወደ ማማው ነው። ሳህሌ ባዶ ጠመንጃውን ጥግ አስደግፎ ክርኑን መስኮቱ ላይ ጣለ።

«አሁን ምን ያደርጋል?»

«ማን? ጎረምሳው? ትልቋን ሊጠጋት ይፈልጋል። እሷ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፣ ጀርባዋን ሰጥታዋለች።»

«ጅራቷስ?»

«ይቆማል፣ ይወድቃል።»

«ዝንብ ነው። ሌላዋ?»

«ቆይ... ኧረ ሁለት ግልገል አሏት! ከሣሩ ውስጥ ወጡ። አንዱ ጀርባው ላይ ነጭ ነጭ ጠብታ አለበት።»

«ሁለቱም አላቸው። በደንብ እዪ።»

አንገቷን አስግጋ አየች። «ሁለቱም አላቸው» አለች። «አንተ እንዴት አወቅህ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ንገሪኝ» አለና ወደ እሷ ተጠጋ። ትከሻው ትከሻዋን ነካት፤ እሷም አልፈቀቀችም። ምንጩን ነገረችው። ግልገሉ ውኃው ላይ የራሱን መልክ አይቶ እንዴት እንደዘለለ ነገረችው። ጎረምሳው ተስፋ ቆርጦ ቀንዱን ግንድ ላይ ሲፍቅ ነገረችው። ሳህሌ አንዳንዴ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንዳንዴ ፈገግ ይላል፣ አንዳንዴ «አይደለም፣ እንደዚያ ሲያደርግ እኮ...» እያለ ያስረዳታል።

ፀሐይ ከፍ ስትል ከጀርባቸው ሣሩ ተንኮሻኮሸ። ደምሴ ነበር፤ ባዶ እጁን፣ ላብ በላብ ሆኖ ከተራራው ወርዷል። ማማው ሥር መጥቶ ቀና አለ።

«ጋሼ! እትዬ! ምን ተገኘ?»

ሳህሌ ዞር እንኳ አላለም። እጁን ብቻ በመስኮቱ አውጥቶ አወናጨፈበት።

«ዝም በል አንተ! እያየን ነው።»